የራጅ ሳጥን

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ ራጅ ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ የሰው አጥንት ሲያነሳ ስለኖረ ነው። እኔም ካልተቆጣሁ በቀር በስሙ አልጠራውም። ራጅ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ሰው አያማም፤ እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ጎረቤት ፊት የምታወራው አጥታ ትቸገራለች። ስለዚህ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ያ ብርሃን የማያሳልፈው የመጋረጃ ጨርቅ ተርፎሻል?" ሲለኝ ነገር መጣ ብዬ አልጠረጠርኩም። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ተርፎኛል አልኩት። ከዚያች ቀን ወዲህ ቤቴ ቤት አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሊኒኩ ፊልም ትቶ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር የተረፈውን የራጅ ፊልም በካርቶን ለባሌ ሰጡት። ሌላው ሰው የእጅ ሰዓት ይሸለማል፣ የኔው ደግሞ ቀኑ ያለፈበት ፊልም። አንዱ ሉህ የሰው ደረት ይሸፍናል። ካርቶኑን አልጋችን ሥር ከተተውና ሲያሰላስል ሰነበተ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ማተሚያ ቤት አሮጌውን የገጽ ማንሻ ካሜራ፣ ያንን ክፍል የሚያህል ብረት፣ ለብረት አቅላጭ ሊሸጠው ነው ሲባል ሰማና ሄዶ ሌንሱን ለምኖ፣ ነቅሎ መጣ። እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎት ነበር፤ ክብደቱም ከሕፃን አያንስም።

"ካሜራ ልሠራ ነው" አለኝ።

"ስልክህ ላይ ያለውስ ምን ሆነ?"

"እሱ ለጨዋታ ነው። እኔ የምሠራው ይሄን ፊልም የሚጎርስ ነው። ማጉላት ማተለቅ የሚባል ነገር የለም፤ ፊልሙን ወረቀት ላይ አጋድመሽ ባለበት መጠን ታትሚዋለሽ። የእማዬ ሽብሽብ አንድ በአንድ ይቆጠራል።"

እማዬ የሚለው እናቱን፣ አማቴን ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሳቸው ምክንያት ስለሆነ መጀመሪያ ስለሳቸው ልንገራችሁ።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እኛ ዘንድ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አንድን ነገር ለማየት አፍንጫቸው ሥር ያስጠጉታል። ራሳቸው ደግሞ፣ የተጠየቀውን ሁሉ እምቢ እንደሚል ሰው፣ ሳያቋርጥ ይወዛወዛል። የማጥባቸው፣ የማለብሳቸው፣ ጥፍራቸውን የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ "እማማ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ልጅት" ይሉኛል፤ ከዚያ አናልፍም። አንድ ቀን የአንድ ሆቴል መጋረጃ አድርሺ ተብዬ በተጣደፍኩበት፣ ገላቸውን አጥቤ ወገቤን ይዤ ኩሽና ገባሁና "እኔስ ደከመኝ" አልኩ። ይሂዱልኝ አላልኩም። ደከመኝ ነው ያልኩት። ራጅ ሰማና ሳያማክረኝ ለታላቅ እህቱ ደወለ። እህቱ፣ እትዬ የምላት፣ ቤቷ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ይርቃል። "እኔ እወስዳታለሁ፣ ቤቴ ሰፊ ነው" አለች። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ መኪና ይዛ ልትመጣ ቀን ተቆረጠ።

ሲነገራቸው አማቴ "እሺ" አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እኔም አልወጣኝም። እፎይ ማለት ነበረብኝ። እፎይታውን ብፈልገው አጣሁት፤ ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ ለራሴ እንኳ መናገር አቃተኝ። ራጅ ደግሞ እናቱን ቢያንስ በፎቶ ሊያስቀራቸው ተነሳ። ካሜራው ከዚያች ቅዳሜ በፊት ማለቅ ነበረበት።

ለእንጨቱ ሥራ ጎረቤታችንን ጠራው። አናጢ ነው፤ ሚሊ ይሉታል። የሠራው ነገር በሚሊሜትር ሲጎድልም ሲተርፍም "ሚሊ ናት፣ ምን ታመጣለች" ስለሚል ነው። እሱ የገጠመው በር ሲዘንብ አይከፈትም፣ ሲደርቅ አይዘጋም። እጁ ግን ፈጣን ነው። ሶፋዬን ወደ ግድግዳ ገፍተው ሳሎኑ መሀል ሁለት ትልልቅ አራት ማዕዘን ክፈፎች አቆሙ። ፊተኛው ሌንሱን ይሸከማል፤ ኋለኛው መስታወቱንና ፊልሙን። ሁለቱም ከአሮጌ አልጋ በተነቀለ ብረት ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታሉ። መሀላቸውን በጨለማ የሚያገናኘው እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ጨርቅ ነው፤ ራጅ ወናፍ ይለዋል። ወናፉ የኔ ዕጣ ሆነ።

ስንቱን መጋረጃ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ወናፍ ያለ መከራ አላየሁም። ድርብ ጨርቅ፣ መሀሉ በቀጭኑ የተቆረጠ ካርቶን፣ አንዱ እጥፋት ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ እጥፋቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ስጨርሰው ኮራሁ። የመጀመሪያውን ፊልም ሲሞክሩበት ግን የወጣው በመስመር የተደረደረ ነጥብ ብቻ ነበር። ራጅ ወናፉ ውስጥ ራሱን ከትቶ፣ ሚሊን በውጭ በኩል አምፖል አስይዞ አየና "መርፌሽ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያስገባል" አለኝ። ስፌት ያለ መርፌ ቀዳዳ እንዴት እንደሚሰፋ የሚያሳየኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስፌቱን ሁሉ በጥቁር ማስቲሽ ደፈንኩት።

መስታወቱ የራጅ ሥራ ነው። ቀጭኑ ይሰበራል ብሎ ከተጣለ ጠረጴዛ ላይ ወፍራም መስታወት አመጣ። አንዱን ፊት ከመካኒክ በለመነው ሻካራ ዱቄትና በውሃ እያሸ አደበዘዘው፤ ድምፁ ጥርስ ያስፋጫል። በሌንሱ የገባው ምስል እዚያ ሻካራ ፊት ላይ ያርፋል። ምስሉ ጥርት እስኪል ክፈፉ ይገፋል፤ ከዚያ መስታወቱ ይነሳና ፊልሙ ያለበት ጠፍጣፋ ሳጥን በቦታው ይሰካል። ሲነገር ይህን ያህል ቀላል ነው።

ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ መስታወቱን ያየሁ ቀን ግን ራሴ ዞረ። አማቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መስታወቱ ላይ ግን ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። እጃቸው ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ይሄዳል። ራሳቸው ብቻ ያው ነው፤ ተገልብጦም እምቢ ይላል። ከጨርቁ ስወጣ ሳሎኑ የተገለበጠ መስሎኝ ግድግዳ ያዝኩ።

"ራሳቸው እየተወዛወዘ እንዴት ይነሳል?" አለ ሚሊ።

"እሷ ትይዛታለች" አለ ራጅ ወደኔ እያየ።

ሥራዬ ይህ ሆነ። ከወንበሩ ኋላ ጎንበስ እላለሁ፤ ራሳቸውን በሁለት መዳፌ ከጆሯቸው ጀርባ እይዛለሁ፤ ፊቴ ከፀጉራቸው አጠገብ ይሆናል። ራጅ ሌንሱን የከደነበትን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን ይይዛል። ከዚያ ለበሽተኛ የሚለውን ይላል፤ ዕድሜ ልኩን ሲል የኖረው ነውና ሌላ አያውቅም። "ትንፋሽ ይሳቡ። ይያዙ።" ክዳኑን ያነሳል። በልቡ ይቆጥራል። ይከድናል። "ይተንፍሱ።" እናቱን አንቱ የሚላቸው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። አማቴም እንደ ታዛዥ በሽተኛ ይስባሉ፣ ይይዛሉ፤ ትንፋሻቸው ሲቆም መዳፌ ላይ ይታወቀኛል።

ፊልሙን መታጠቢያ ቤት በቀይ አምፖል አጥቦ፣ ወረቀት ላይ አትሞ አወጣው። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው እኔና ሚሊ ላዩ ላይ አጎነበስን። አማቴ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸው የት እንደሆነ አይለይም። ከኋላ የያዟቸው ሁለት እጆች ግን ጥፍራቸው፣ መርፌ የወጋቸው ቦታ ሳይቀር ይታያል። ፊቴም እንደዚያው። ቅንድቤ ላይ ያለችውን ጠባሳ ራሴ ረስቻት ነበር።

"ተንቀሳቅሰሻል፣ እማዬ" አለ ራጅ።

"እንኳን ልንቀሳቀስ አልተነፈስኩም" አሉ አማቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

"እንግዲያው አንቺ በደንብ አልያዝሻትም።"

"ይኸው እጄ፣ እንደ ሐውልት ቆሟል" አልኩት። "እሳቸው ቢንቀሳቀሱ እጄ አብሮ አይንቀሳቀስም ነበር?"

እውነትም የማይገባ ነገር ነው። የተያዘው ደብዝዞ የያዘው እንዴት ይጠራል?

ደገሙት። ያው ሆነ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ደገሙት፤ ያው። ራጅ ፊልሙ ስላረጀ ነው አለ። ሚሊ ደግሞ ሌንሱ ዕድሜውን በሙሉ ጽሑፍ ሲያነሳ ስለኖረ ሰው አያውቅም አለ፤ ይህን ሲል አልሳቀም። በመጨረሻ "እስቲ እኔን አንሱኝ፣ እኔ ግንድ ነኝ" ብሎ ራሱ ተቀመጠ። የሚሊን ራስ አልይዝም ብዬ የወንበሩን ጀርባ ብቻ ያዝኩ። ሚሊ ጭጋግ ሆኖ ወጣ፤ እኔ ከኋላው ሳቄን አፍኜ፣ ጥርት ብዬ። እኔን አስወጥተው አማቴን ብቻቸውን ሲያነሱ ደግሞ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ያለው ሚስማር ሁሉ ተቆጠረ፤ ሴትዮዋ የሉም።

"ለካ ካሜራም ሰው ይመርጣል" አሉ አማቴ። ቀልድ ነው ብዬ ላያቸው ዞርኩ፤ ራሳቸው ይወዛወዛል፤ ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም። ካርቶኑም እየቀለለ ሄደ።

ራጅ የተበላሹትን ፎቶዎች መስፊያ ክፍሌ ከመራቸው። እኔን ማሳሰብ የጀመሩት እዚያ ነው። አንዷን የስፌት መኪናዬ ፊት አቁሜ አያታለሁ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላለች። ከንፈሯን ገጥማለች። ዓይኗ አሮጊቷ ፀጉር ላይ ነው፤ ጢም ብሎ የሞላ ዕቃ ይዛ ደረጃ የምትወርድ ሰው ትመስላለች። ደከመኝ ያለችው ይቺ ናት? እኔ እኮ በዚያች ሰዓት የማስበው ያልደረሰውን የሆቴል መጋረጃ ነበር። ፎቶዋ ላይ ያለችው ግን ስለ መጋረጃ አታስብም። መስታወት ፊት ሄጄ ያንን ፊት ለመሥራት ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ግራ ገባኝ፣ ትንሽም ፈራሁ።

ራጅን መታጠቢያ ቤት በር ላይ አገኘሁትና "እትዬ እውነት ትወስዳቸዋለች?" አልኩት።

"ደከመኝ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ደከመኝ ብያለሁ።"

"እና?"

"እናማ ደክሞኛል" አልኩ። ሌላ ነገር ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። ሰው ደክሞትም እንዳይሄዱበት ሊፈልግ ይችላል ወይ ብዬ ባል አይጠየቅም። ራጅም ግራ ሲገባው እንደሚያደርገው የያዘውን እርጥብ ፊልም ወደ ብርሃን አንስቶ አየ።

አንድ ከሰዓት አማቴ ግድግዳውን እየዳበሱ መስፊያ ክፍሌ ገቡ። ከክምሩ ላይ አንዷን ፎቶ አንስተው አፍንጫቸው ሥር አስጠጓትና ከዳር እስከ ዳር ሄዱባት። የራሳቸውን ጭጋግ አለፉትና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?" አሉኝ።

"እንዴት እማማ?"

"ከኋላዬ ስትሆኚ። አይቼሽ አላውቅማ።"

"እንጃ" አልኩ። እሳቸውም ፎቶዋን ቦታዋ መልሰው፣ ልብሳቸውን ሊያጥፉ ሄዱ።

ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ሻንጣውን ጫነች። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ሉህ ቀርታለች። አማቴ ለመንገድ ለብሰው፣ ሻርፓቸውን አስረው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እትዬ በር ላይ ቁልፏን እያንቃጨለች "መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቶሎ በሉ" ትላለች። ራጅ ከጨርቁ ሥር ይገባል፣ ይወጣል፣ ክፈፉን በፀጉር ስፋት ይገፋል። አሳዘነኝ። እጄ ሥራ ቢፈታ ስለማልወድ እርጥብ ጨርቅ ይዤ መስታወቱን ልጠርግ ተጠጋሁ።

"መስመሬን እንዳታጠፊብኝ" አለኝ። መሀሉን ለማወቅ በእርሳስ ምልክት አድርጎበታል። እርሳሱ ያለው በኔ በኩል፣ በሻካራው ፊት ላይ ነው።

"ፊልሙ የሚቆመው እዚህ በኔ በኩል ነው ወይስ ወዲያ በሌንሱ በኩል?" አልኩት፤ ሁሉም ነገር ተገላብጦብኝ ስለነበር ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

"በየትም ይሁን። ፊልም እንደሆነ ፊትና ጀርባ የለ..." ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

አባባሉ እውነት ነው። የራጅ ፊልም ብርሃን የሚይዘው ቅብ በሁለቱም ፊቱ ላይ ነው፤ በየት ቢገባ ያው ነው። ባሌ ዕድሜውን በሙሉ ጨለማ ውስጥ ፊልም ሲያስገባና ሲያስወጣ የቱ ፊቱ፣ የቱ ጀርባው ብሎ አስቦ አያውቅም። መስታወቱን በኔ በኩል በጥፍሩ ጫረው፤ ሻከረ። እጁን አዙሮ በሌንሱ በኩል ጫረው፤ ለሰለሰ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"ምን ሆነ?" አለች እትዬ።

"ፊልም ፊትና ጀርባ የለውም" አለ። "መስታወት ግን አለው።"

ኋላ እንዳስረዳኝ ላስረዳችሁ። ሻካራው ፊት ወደ ሌንሱ መዞር ነበረበት፤ ፊልሙ የሚቆመው እዚያ ላይ ነውና። እሱ ወደኛ አዙሮ ገጥሞታል። ስለዚህ እናቱን መስታወቱ ላይ ባጠራ ቁጥር፣ ፊልሙ በመስታወቱ ውፍረት ያህል ለሌንሱ ይቀርብና ጥራቱ ከሳቸው ትንሽ ኋላ ያለው ነገር ላይ ያርፋል። ከሳቸው ትንሽ ኋላ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሚሊ ሜትሩን አውጥቶ ውፍረቱን ለካ። "አስር ሚሊ" አለ። ምን ታመጣለች የሚለውን ግን አልጨመረም።

ራጅ መስታወቱን ገለበጠ፣ እናቱን አጠራ፣ የመጨረሻዋን ሉህ ሰካ። እኔ ወደ ቦታዬ ሄድኩ፤ እጄ ራሱ መንገዱን ያውቃል። አሁን እሳቸው ይጠራሉ፣ እኔ እደበዝዛለሁ፤ ይህ ነበር የተፈለገው።

"ትንፋሽ ይሳቡ" አለ ራጅ። ሳብን። "ይያዙ።" ያዝን። ክዳኑ ተነሳ።

ያ ዘመኑን ሁሉ እምቢ ሲል የኖረ ራስ መዳፌ ውስጥ ዝም ብሏል። ነገ ይህን ራስ ማን ይይዘዋል አልኩ በልቤ። ከዚያ ነገሩ በልቤ አልቀረም። ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ትንፋሼን ይዤ ስለነበር ብዙም ድምፅ አልነበረውም።

"አይሂዱ" አልኩ ጆሯቸው ሥር።

ክዳኑ ገና ሳይመለስ አማቴ ዞሩ። መዳፌ ውስጥ እንዳሉ፣ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩና፣ ዕቃ እንደሚያዩት አስጠግተው ፊቴን አዩኝ። ያቺ ፎቶ ዛሬ ሳሎናችን ተሰቅላለች፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፊቷ ቆሞ ግራ ይገባዋል። አንድ አሮጊት ከነሽብሽባቸው ወደፊት ያያሉ፤ ከዚያው አንገት ላይ ደግሞ ሌላ ፊት፣ ስስ ሆኖ፣ ወደ ኋላ ይዞራል። ሁለቱም እሳቸው ናቸው ስል የሚያምነኝ የለም።

ራጅ ክዳኑን መለሰና "ተንቀሳቀስሽ እኮ፣ እማዬ" አለ። ድምፁ ሊያለቅስ ነው። "የመጨረሻዋ ነበረች።"

አማቴ አልሰሙትም። የሚያዩት እኔን ነው።

"ልጅት" አሉኝ፣ "ይቺን ቃል ለማውጣት ነው ይሄ ሁሉ ሳጥን የተሠራው?"

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ በሩ ዞረው "ሻንጣዬን አውርጂው" አሉ ለልጃቸው። ራሳቸው መዳፌ ውስጥ እንደገና መወዛወዝ ጀምሯል። እትዬ ቁልፏን ይዛ፣ ሚሊ ሜትሩን ይዞ፣ ሁለቱም ባሉበት ቆመው ቀሩ። ራጅ ይተንፍሱ ማለቱን ረስቶት ነበር። ሳይለን ተነፈስን።